ፎቶሾፕና ላይትሩም ላይ ስክሪን ሲጠቁር፣ ሲቆራረጥና ሲንቀረፈፍ፦ የግራፊክስ ካርድ ችግርን ደረጃ በደረጃ መለየትና መፍታት

ጥር ሲገባ ጎንደር ያሉ ፎቶ ቤቶች ምን እንደሚሆኑ የሰራበት ያውቀዋል። የከተራውና የጥምቀቱ ፎቶ ሳያልቅ ሰርግ ይደራረባል፣ ፋሲል መዋኛ የተነሳው፣ ጎሃ ላይ የተነሳው፣ የመልሱ፣ ሁሉም በአንዴ ኤዲተሩ ላይ ይከመራል። ልክ በዛ ሰዓት ነው ታዲያ የሙሽራዋን ፊት ዙም ስታደርጉ ስክሪኑ ጥቁር የሚሆነው፣ ወይ ብሩሹ ከእጃችሁ ኋላ እየተንቀረፈፈ የሚመጣው፣ ወይ ፎቶሾፕ ምንም ሳይል ድርግም ብሎ የሚዘጋው። ከዛ የሚሰጠው ምክር ደግሞ ያው ነው፣ "ካርዱ ሞቷል ቀይረው" ወይም "ፎርማት አርገው"። እኔ የምለው ሁለቱም መጨረሻ ላይ የሚመጡ ነገሮች ናቸው። የግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስሉን ሰርቶ ወደ ስክሪኑ የሚልከው እቃ፣ በዚህ ኑሮ ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ፎርማት ደግሞ ብሩሹን፣ አክሽኑን፣ ፎንቱን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፣ ችግሩ የኬብል ወይም የአቧራ ከሆነ ደግሞ ከፎርማት በኋላም እዛው ነው የሚጠብቃችሁ። ስለዚህ ችግሩ የት እንዳለ ሳትለዩ ምንም ነገር አትግዙ፣ ስትፈትሹም አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሶስት ነገር ባንዴ ቀይራችሁ ቢስተካከል የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁትም።

ከሁሉም በፊት ግን ፎቶዎቹ። ራው ፋይሎቹንና እየሰራችሁበት ያለውን ፒኤስዲ ሌላ ኤክስተርናል ሀርድዲስክ ላይ ገልብጡ፣ የካሜራውንም ሜሞሪ ካርድ ስራው እስኪያልቅ ባዶ አታድርጉት። የሚዘጋና የሚጠፋ ኮምፒውተር ፋይል ሴቭ እያደረገ እያለ ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፣ የሰው ሰርግ ደግሞ ድጋሚ አይነሳም።

መጀመሪያ፦ እውነት የካርዱ ችግር ነው?

ብዙ ሰው "ካርዱ ነው" የሚለው ችግር የራም ወይም የሀርድዲስክ ሆኖ ነው የሚገኘው። አንድ ምሳሌ ላስላላችሁ፣ 12 በ36 ኢንች የሆነ የሰርግ አልበም ገፅ በ300 ዲፒአይ ስትከፍቱ 3600 በ10800 ፒክስል ነው፣ ማለትም ወደ 39 ሚሊዮን ፒክስል። ሙሉ ገፁን የሚሸፍን አንድ ሌየር በ8 ቢት ብቻ ወደ 117 ሜጋባይት ይይዛል፣ በ16 ቢት ከሆነ እጥፉን። እንዲህ አይነት ሌየር አስራ አምስት ደርድራችሁ፣ ከጎን ክሮም ላይ ብዙ ታብ ከፍታችሁ፣ ራማችሁ 8 ጊጋ ከሆነ ፎቶሾፕ ወደ ዲስኩ መጻፍ ይጀምራል፣ ዲስኩ ደግሞ የድሮው የሚሽከረከረው ከሆነ ሁሉም ነገር ይንቀረፈፋል፣ ካርዱ እዚህ ውስጥ ምንም የለበትም። ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ኮንትሮል ሺፍት ኤስኬፕ ነው፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ በሚንቀረፈፍበት ሰዓት የትኛው እንደሞላ እዩ። ሜሞሪው 95 ፐርሰንት ላይ ቆሞ ጂፒዩው፣ ማለትም የግራፊክስ ካርዱ፣ 5 ፐርሰንት ላይ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። "ስክራች ዲስክ ሞልቷል" የሚል መልእክት ካመጣም ራም ሲሞላ ፎቶሾፕ የሚጽፍበት የዲስክ ቦታ አልቋል ማለት ነው፣ ሲ ላይ ያለውን ትርፍ ነገር አንሱ ወይ ስክራች ዲስኩን ወደ ሌላ ፓርቲሽን አዙሩት።

ስክሪኑ ላይ መስመር፣ ካሬ ካሬ፣ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ከሆነ የሚታየው ግን አንድ ቆንጆ መለያ አለ። በዛው ሰዓት ስክሪንሾት አንሱና ወደ ስልካችሁ ላኩት። ስልኩ ላይ ስክሪንሾቱ ንፁህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ምስሉን በትክክል ሰርቶታል ማለት ነው፣ ችግሩ ከዛ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው፣ ኬብሉ፣ የኬብሉ መሰኪያ ወይ ሞኒተሩ። ስልኩም ላይ ካሬዎቹ ከታዩ ግን ካርዱ ወይም ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር፣ ነው። ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩን ስታበሩት ገና ዊንዶውስ ሳይገባ፣ የኩባንያው ሎጎ ላይ ወይም ባዮስ ውስጥ መስመሩ ካለ ድራይቨር ገና ስራ አልጀመረምና ነገሩ ሃርድዌር ነው፣ ሶፍትዌር እየቀያየራችሁ ጊዜ አታጥፉ።

ነጭ ነጠላ ስክሪናችሁ ላይ ቢጫ መስሎ ከታየ፣ ፕሪንት ሲደረግ ግን ነጭ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ያ የሞኒተሩ ከለር ፕሮፋይል ጉዳይ ነው፣ ራሱን የቻለ ሌላ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ካርዱን ከጨዋታ አውጥቶ መሞከር

ፎቶሾፕ ውስጥ ኮንትሮል ኬ ተጫኑ፣ ፕሪፈረንስስ ይከፈታል፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ጋ "ዩዝ ግራፊክስ ፕሮሰሰር" የሚል ሳጥን አለ፣ ምልክቱን አንሱትና ፎቶሾፕን ዘግታችሁ ድጋሚ ክፈቱ። አሁን ችግር ይፈጥር የነበረውን ያንኑ ፋይል ከፍታችሁ ያንኑ ስራ ድገሙት። ችግሩ ከጠፋ መንገዱ የግራፊክስ ነው፣ ከዚህ በታች ያለውን ቀጥሉ። ካልጠፋ ካርዱን ተውትና ራሙን፣ ፋይሉን፣ ፕለጊኖቹን ፈትሹ።

ፎቶሾፕ ጭራሽ አልከፈት ካለ አይከኑን ክሊክ እንዳደረጋችሁ ወዲያው ኮንትሮል፣ አልት እና ሺፍትን አንድ ላይ ይዛችሁ ቆዩ፣ ሴቲንጉን ላጥፋው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ እሺ ስትሉት ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ይመለሳል። ላይትሩም ክላሲክ ላይ አልት እና ሺፍት ነው። ግን ተጠንቀቁ፣ ሴቭ ያላደረጋችሁት አክሽን ካለ ሊጠፋ ስለሚችል ፕሮግራሙ መከፈት ከቻለ መጀመሪያ አክሽኖቻችሁን ወደ ፋይል ሴቭ አድርጉ።

ካርዱን ማጥፋት መለያ እንጂ መፍትሄ አይደለም። ሲጠፋ ሮቴት ቪው አይሰራም፣ ኦይል ፔይንት አይሰራም፣ ዙሙ እየተቆራረጠ ነው የሚሄድ፣ ካሜራ ራው ይከብዳል። ነገር ግን ነገ ጠዋት ሙሽሮቹ አልበም ሊያዩ እየመጡ ከሆነ ዛሬ ማታ አጥፍታችሁ ጨርሱ፣ ጥገናው ከነገ ወዲያ ይደርሳል።

ከሙሉ ማጥፋት በፊት መሃል ላይ ያለ ነገርም አለ። እዛው ፐርፎርማንስ ውስጥ አድቫንስድ ሴቲንግስ የሚል አለ፣ የቆዩት ቨርዥኖች ላይ ድሮዊንግ ሞድ ቤዚክ፣ ኖርማል፣ አድቫንስድ የሚል ምርጫ ይሰጣችኋል፣ ወደ ቤዚክ አውርዱትና ሞክሩ። ኦፕን ሲኤል የሚለውንም፣ ፎቶሾፕ ስሌቱን ለካርዱ የሚሰጥበትን መንገድ፣ ለብቻው አጥፍታችሁ ሞክሩ። ደካማ ካርድ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ይገላገላል።

ካርዳችሁ ለቨርዥኑ ይበቃል ወይ

አዲሶቹ ፎቶሾፖች ላይ ሄልፕ ውስጥ "ጂፒዩ ኮምፓቲቢሊቲ" የሚል አለ፣ ክሊክ ስታደርጉት የካርዱን ስም፣ የቪዲዮ ሜሞሪውንና የትኛው መስፈርት እንዳለፈ እንዳላለፈ ዘርዝሮ ያሳያችኋል። አዶቤ ለቅርብ አመታት ቨርዥኖች ቢያንስ ዳይሬክትኤክስ 12 የሚችል ካርድና 1.5 ጊጋባይት የቪዲዮ ሜሞሪ ይጠይቃል፣ ፎርኬ ሞኒተር ላይ ለሚሰራ ደግሞ 4 ጊጋ ነው የሚመክረው። እዚህ ከተማ ብዙ የምናየው ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ኮር አይ ፋይቭ ተብሎ ይሸጣል፣ ትውልዱ ግን ሶስተኛ ነው፣ ኢንቴል ኤችዲ 4000 ነው ያለበት፣ እሱ ዳይሬክትኤክስ 12 አይችልም። እዛ ላይ የዘንድሮን ፎቶሾፕ ጭኖ ካርዱን ላብራ ማለት ድካም ነው፣ ለማሽኑ የሚመጥን የቆየ ቨርዥን ላይ መስራት ብዙ ይሻላል። ማሽናችሁ ምን እንዳለው ካላወቃችሁ ዊንዶውስ እና አር ተጫኑና dxdiag ብላችሁ ጻፉ፣ ዲስፕሌይ የሚለው ታብ ላይ ስሙ አለ።

ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ የምትጠቀሙም ይሄን እወቁ። ቀላል እንዲሆን ተብሎ ውስጡ ያለ ነገር የተቀነሰበት ፖርቴብል ቨርዥን አለ፣ አንቲቫይረሱ ከውስጡ ፋይል የበላበትም አለ፣ ካርዱ ደህና ሆኖ ፕሮግራሙ ካርዱን የማያየው በዚህ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ከከበደ ዳርክቴብል የሚባል በነፃ የሚገኝ የራው ኤዲተር አለ፣ ካርዱንም በኦፕን ሲኤል ይጠቀማል። ቢያንስ ለመለያ ጫኑት፣ እሱ ላይ ካርዱ በደንብ ከሰራ ካርዳችሁ ጤነኛ ነው።

ሁለት ካርድ ያለው ማሽንና የኬብል ነገር

ላፕቶፓችሁ ላይ የኤንቪዲያ ስቲከር ስለተለጠፈ ፎቶሾፕ በኤንቪዲያው እየሰራ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ላፕቶፕ ኢንቴሉንም ኤንቪዲያውንም አንድ ላይ ይይዛል፣ ባትሪ ለመቆጠብ ደግሞ ደካማውን ይመርጣል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከታች ግራፊክስ የሚለው ውስጥ ግቡ፣ ፎቶሾፕን ከዝርዝሩ ፈልጉት ከሌለ ጨምሩት፣ ኦፕሽንስ ብላችሁ ሀይ ፐርፎርማንስ የሚለውን ምረጡና ሴቭ። ላይትሩምንም ለብቻው እንደዛው። ስትሰሩ ቻርጀር ሰኩ፣ በባትሪ ሲሆን ካርዱ ራሱን ይቀንሳል።

ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ከጀርባው ሄዳችሁ የሞኒተሩ ኬብል የት እንደተሰካ እዩ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ያየሁት ነው፣ ማሽኑ ጥሩ ካርድ አለው፣ ልጁ ግን ሊኩዊፋይ በከፈተ ቁጥር ምስሉ ጊዜ እየወሰደ ነው የሚመጣው። ጀርባውን ሲያዞረው ኤችዲኤምአዩ ላይኛው ጋ፣ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ቁመቱን በቆመው ቀዳዳ ነው የተሰካው፣ እሱ የማዘርቦርዱ ነው። ከታች በአግድም የተኙት ቀዳዳዎች ናቸው የካርዱ፣ እነሱ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ ክዳናቸው እንኳን አልተነሳም። ክዳኑን አንስቶ ኬብሉን አወረደው፣ በዛው አለቀ።

ድራይቨር፦ እዚህ ላይ ረጋ በሉ

ለመጥቆር፣ ለመብለጭለጭና በድንገት ለመዘጋት ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ድራይቨሩን ነው፣ ስለዚህ ሰዓት የምታጠፉ ከሆነ እዚህ ላይ አጥፉ።

በመጀመሪያ "ትናንት ይሰራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ" ከሆነ ነገሩ ዊንዶውስ አፕዴት አድርጎ ድራይቨሩን ቀይሮባችሁ ሊሆን ይችላል። ዲቫይስ ማናጀር ክፈቱ፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ፣ የካርዱን ስም ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር የሚለው ታብ። ቀኑን እዩ። ሮል ባክ የሚለው በተን የሚጫን ከሆነ ተጫኑትና ወደ ድሮው መልሱት። እዛው "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" የሚል ብቻ ካለ ደግሞ ድራይቨሩ ጭራሽ አልተጫነም።

የተለመደው ግን ድራይቨሩ አርጅቶ ፎቶሾፑ አዲስ ሲሆን ነው። ድራይቨር ከካርዱ ሰሪ ከራሱ ሳይት ብቻ አውርዱ፣ ኤንቪዲያ፣ ኤኤምዲ፣ ኢንቴል፣ ላፕቶፕ ከሆነ የላፕቶፑ ኩባንያም ሳይት ላይ አለ። "ድራይቨር በአንድ ክሊክ እናዘምናለን" የሚሉ ፕሮግራሞችን አትንኩ፣ የማይሆን ድራይቨርና ማስታወቂያ ነው የሚያሸክሟችሁ። ኤንቪዲያ ከ2019 ጀምሮ ሁለት አይነት ያወጣል፣ አንዱ ጌም ሬዲ፣ ሌላው ስቱዲዮ። እኛ ስቱዲዮውን ነው የምንወስደው፣ እንደ ፎቶሾፕና ላይትሩም ባሉ ፕሮግራሞች ላይ ተሞክሮ ነው የሚወጣው። ስትመርጡ የላፕቶፕ ከሆነ ኖትቡክ የሚለውን፣ ካርዱንም በትክክለኛ ቁጥሩ። ፋይሉ ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለሆነ በሌሊት ፓኬጅ አውርዳችሁ በፍላሽ ማዘዋወር ይቻላል፣ ተመሳሳይ ካርድ ላለው ጎረቤት ስቱዲዮም ስጡት።

ስትጭኑ ከስተም የሚለውን ምረጡና ክሊን ኢንስታሌሽን ላይ ምልክት አድርጉ። በዚህም ካልሆነ ወይም ካርዱን ከኤኤምዲ ወደ ኤንቪዲያ ቀይራችሁ ከሆነ የድሮው ቅሪት እየተጋጨ ነው፣ የድሮ ድራይቨር ጠራርጎ የሚያጠፋውን ዲዲዩ (DDU) የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዱ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፣ አዲሱን ድራይቨር መጀመሪያ አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ ከዛ ኢንተርኔቱን ንቀሉ አለበለዚያ ዊንዶውስ መሃል ላይ የራሱን ይጭናል፣ ከዛ በሴፍ ሞድ ግቡ፣ በዲዲዩ ጠራርጋችሁ አጥፉ፣ ሪስታርት፣ አዲሱን ጫኑ፣ ሪስታርት፣ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔቱን መልሱ።

ስክሪኑ ለሁለትና ሶስት ሰከንድ ጠቁሮ የሚመለስ ከሆነ ምን እየሆነ እንደሆነ ማወቁ ይረዳችኋል። ዊንዶውስ ካርዱ ለ2 ሰከንድ መልስ ካልሰጠው ተንጠልጥሏል ብሎ ድራይቨሩን ራሱ ሪሴት ያደርገዋል፣ ፎቶሾፕ በዛ መሃል ካርዱን ስለሚያጣ ይዘጋል ወይም የካርዱን ጥቅም ለጊዜው አጥፍቻለሁ የሚል መልእክት ያመጣል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ኢቨንት ቪወር ውስጥ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ሲስተም፣ እዛ ላይ ዲስፕሌይ የሚል 4101 ቁጥር ፈልጉ። ካለ ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው። ጠቁሮ አልመለስ ካለ ደግሞ ማሽኑን ከመንቀላችሁ በፊት ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና B ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ድራይቨሩ ሪሴት ይሆንና ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ይመለሳል፣ ያልተቀመጠ ስራ ይተርፋል።

ሙቀትና አቧራ

ለመጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ደህና ሰርቶ ከዛ የሚበላሽ ማሽን ከሆነ ሙቀት ጠርጥሩ። ታስክ ማናጀር ውስጥ ጂፒዩ ላይ ስትጫኑ ለብቻው የሚገባ ካርድ ከሆነ ከታች ዲግሪውን ያሳያል። እስከ 80 አካባቢ ብዙ አያሳስብም፣ ወደ 90 ተጠግቶ እዛው ከቆየ ግን ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እናንተ ጋ ሲደርስ መንቀርፈፍ ሆኖ ይታያል። የኛ ከተማ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ነች፣ አየሩ ስስ ነው፣ ጅቡቲ ካለ ማሽን ጋር ሲተያይ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ቅዝቃዜያችን በተወሰነ ያካክሰዋል፣ ላዩ ላይ የበጋው አቧራ ሲጨመርበት ግን አይችልም።

ማሽኑን አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ የማብሪያውን በተን ጥቂት ሰከንድ ተጫኑት የቀረ ሀይል እንዲወጣ። የኬዙን ጎን ፍቱ፣ ባዶ ብረቱን በእጃችሁ ንኩ። ካርዱን የያዘውን ብሎን ፍቱና ማስገቢያው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ መቆለፊያ ተጭናችሁ ካርዱን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ መቆለፊያዋን ረስቶ የሚጎትት ሰው ማስገቢያውን ይሰብረዋል። ከፋኑ ስር ባሉት የአሉሚኒየም ሰንጥቆች መሃል ግራጫ ሆኖ እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ ታያላችሁ፣ አየሩን የዘጋው እሱ ነው። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፣ የፋኑን ክንፍ በጣታችሁ ያዙት እንዳይሽከረከር። ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የለመደ ሰው አለ፣ እባካችሁ ይቅር፣ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ግፊቱም ፋኑን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል። ካፀዳችሁ በኋላም ሙቀቱ ካልወረደ ተርማል ፔስቱ፣ ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ብረቱ የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ደርቆ ይሆናል፣ እሱን የሚያውቅ ጥገና ቤት ይቀይረው።

መብራት

ፕሮግራሙ ብቻ መዘጋትና ማሽኑ በሙሉ ድርግም ብሎ መጥፋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፕሮግራሙ ብቻ ከሆነ ሶፍትዌር ወይም ድራይቨር፣ ማሽኑ በሙሉ ከሆነ ግን የሀይል ወይም የሙቀት ነገር ነው። ካርድ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ የሚያገኘው እስከ 75 ዋት ነው፣ እንደ አርቲኤክስ 3060 ያለው ግን ወደ 170 ዋት ስለሚፈልግ ቀሪውን ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ በሚመጣ ኬብል ነው የሚወስደው። ኬብሉ ካልተሰካ ወይ ላላ ካለ፣ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ርካሽና ያረጀ ከሆነ፣ ካርዱ ከባድ ስራ ሲጀምር ማሽኑ ይጠፋል። መብራቱ ከ220 ወርዶ የሚዋዥቅበት ሰፈር ከሆናችሁ ስታቢላይዘር ግድ ነው፣ ዩፒኤስ ካለ ደግሞ የተሻለ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ሶኬት ላይ ባይሆን ጥሩ ነው።

ላይትሩም ላይ ለየት ያለው

ላይትሩም ክላሲክ የራሱ ሴቲንግ አለው፣ የፎቶሾፑን ማጥፋት እሱን አይነካውም። ፕሪፈረንስስ፣ ፐርፎርማንስ፣ ከዛ ከአውቶ ወደ ከስተም ስትቀይሩት ለዲስፕሌይ፣ ለኢሜጅ ፕሮሰሲንግና ለኤክስፖርት ለየብቻ ማብራትና ማጥፋት ይቻላል። ኤክስፖርት የተደረገው ጄፔግ ላይ ራሱ ካሬ ወይም ጥቁር ቦታ ከወጣ የኤክስፖርቱን ብቻ አጥፍታችሁ ድጋሚ አውጡት። በ2023 የመጣው የኤአይ ዲኖይዝ ደግሞ ካርድ ላይ በጣም ይከብዳል፣ የማታ ፎቶ በሙሉ ሰብስባችሁ ባንዴ አትስጡት፣ ለአልበም የተመረጡትን ብቻ ስጡት።

ካርድ መግዛት ግድ ከሆነ

ከላይ ያለው ሁሉ ተሞክሮ፣ ካርዱ ሌላ ማሽን ላይ ገብቶም እዛው ችግር ካመጣ ካርዱ በእርግጥ ሞቷል። ያገለገለ ስትገዙ ጂፒዩ ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ገበያ ላይ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ ስሙ የተቀየረ፣ ውስጡ ግን የ2010 አካባቢው ጂቲኤስ 450 የሆነ ካርድ አለ፣ ዊንዶውስ ራሱ የውሸቱን ስም ነው የሚያሳየው፣ ጂፒዩ ዚ ግን ብዙውን ፌክ ብሎ ያወጣዋል። ብሩን ሳትሰጡ ማሽን ላይ አስገብታችሁ የራሳችሁን ከባድ ፒኤስዲ ክፈቱ፣ ዙም፣ ሊኩዊፋይ፣ ኦይል ፔይንት፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል አሰሩት፣ ዲግሪውንም እያያችሁ። ሻጩ ይሄን አላስሞክርም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።